የጊዮርጊስ ትራስ

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአያሌው ባለቤት፣ ለተከበርሽው ለወይዘሮ ማዘንጊያ፤

ይህን ክፉ በሽታ ከደጅ የሚመልስ ሰማዕቱ ጊዮርጊስ ጋሻውን በአንቺና በልጅሽ በሩሃማ ላይ ይዘርጋ። እኛ ደህና ነን። አፋችንን በጨርቅ ሸፍነን እንውላለን። የእህቴ የቆንጂት ድምፅ ግን ጨርቁን አልፎ ስለሚሰማ ብዙም አልጠቀመንም።

በስልክ የማላወራሽ ጆሮዬ የማልፈልገውን ብቻ መስማት ስለጀመረ ነው። ደግሞም በዚህ ግቢ በስልክ የተነገረ ሁሉ ለቆንጂት የተነገረ ነው፤ የምትኖርበት ሰርቪስ ቤት ከመስኮቴ ሥር መሆኑን ታውቂያለሽ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለፋሲካ የላክሽው ካርድ ፖስታ ላይ አድራሻሽን አየሁት። መነጽሬን ወልውዬ የፈረንጁን ፊደል አንድ በአንድ ቆጠርኩት፤ «ጊዮርጊያን ተራስ» ይላል። የጊዮርጊስ ትራስ! እንዲህ ባለ ቦታ እየኖርሽ ስንት ዘመን ዝም አልሽኝ? እኔ እኮ የሃያ ሦስት ማኅበርተኛ ነኝ። ለማኅበሩ ብነግራቸው መርጌታ ገብረኪዳን ወዲያው ተረጎሙት። «ትራስ ማለት ማረፊያ ነው፤ የሰማዕቱ ማረፊያ ማለት ነው» አሉ። ሁላችንም አጨበጨብን። ከሥሩ ደግሞ «ታውንሃውስ» ይላል። ታውን ከተማ ነው፣ ሃውስ ቤት ነው። ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነው እንዴ የምትኖሪው?

የእናታችንን የእናናዬን ቤት አፍርሼ አዲስ ልሠራ አስቤአለሁ። ጭቃው ከውስጥ ባዶ ሆኗል፤ አይጥ እንኳ ፈርቶ ለቆታል። ስለዚህ ያንቺ ቤት እንዴት እንደተሠራ፣ በማን ዘመን እንደተሠራ፣ ልኩንም ጨምረሽ ጻፊልኝ። ተመሳሳዩን በጉለሌ አቆማለሁ።

የአያሌው ወንድም
ጣሰው


ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ጁላይ 30 ቀን 2020

ለተከበሩ ለጋሼ ጣሰው፤

ደብዳቤዎ በደህና ደርሶኛል። የእርስዎም የቆንጂትም ጤንነት ለእኔ ትልቅ ስጦታ ነው። ሩሃማ እዚሁ አቅራቢያ ዌስተርቪል ነው የምትኖረው፤ በሳምንት አንድ ቀን ትመጣና ከመኪናዋ ሳትወርድ «ማሚ፣ ማስክሽን አድርጊ» ብላኝ ትሄዳለች።

ጋሼ፣ ማኅበሩን ማሳፈር አልወድም። ግን ትራስ አይደለም። ቴራስ ነው፤ ጎን ለጎን ተያይዘው የተሠሩ ቤቶች ማለት ነው። ታውንሃውስም ማዘጋጃ ቤት አይደለም፣ እንዲያው ፎቅ ያለው የተያያዘ ቤት ነው። የእኔው ፎረስት ፓርክ አጠገብ ያለ የኪራይ ቤት ሲሆን ስሙን ያወጣው አከራዩ ነው። ደጄ ላይ ሁለት ነጭ ምሰሶዎች አሉ። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ወጥቼ በጣቴ አንኳኳሁባቸው፤ እንደ ባዶ ጣሳ ጮኹ። የመስኮቱ መዝጊያዎችም በብሎን የታሰሩ ናቸው፣ አይዘጉም።

ግን ጥያቄዎ ከነከነኝና ስለ እውነተኛው ለማንበብ ተነሳሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ስለ ተዘጋ መጽሐፉን በመኪና መስኮት ነው የሚያቀብሉት። ልጅቷ በፕላስቲክ ጓንት ይዛ ስትሰጠኝ ትኩስ ነገር የተቀበልኩ መሰለኝ።

ጆርጂያን የሚባለው በእንግሊዝ አገር ነው። አራት ነገሥታት ተከታትለው ነገሡ፤ አራቱም ጆርጅ ይባላሉ፣ ስም ያለቀባቸው ይመስላል። በእነሱ ዘመን የተሠራ ቤት ሁሉ በስማቸው ተጠራ። ፊቱ ጠፍጣፋ ጡብ ነው። በሩ ከመስኮቱ፣ መስኮቱ ከመስኮቱ በልክ የተራራቀ ነው። ወጥ ቤቱ ከመሬት በታች ነው፤ ከዚያ በላይ መመገቢያው፣ ከዚያ በላይ እንግዳ መቀበያው፣ ከዚያ በላይ መኝታው፣ ከጣራው ሥር ሠራተኞቹ። መስኮቶቹ በእንግዳ መቀበያው ዘንድ ረጃጅም ናቸው፣ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እያጠሩ ይሄዳሉ። የሰውዬውን ማዕረግ ከመንገድ ላይ በመስኮቱ ቁመት ያውቁታል።

ለቆንጂት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

እህትዎ
ማዘንጊያ


ጉለሌ
መስከረም 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ማዘንጊያ፤

አዲሱ ዓመት ለአንቺ የለመለመ ይሁን። ጽሑፍሽን ለማኅበሩ አነበብኩት። መርጌታም ጠየቁኝ፤ «እነዚያ አራት ነገሥታት በማን ስም ነው ጆርጅ የተባሉት?» በሰማዕቱ ነዋ! እንግዲያው ቤቱም የእሱ ነው፤ አልተሳሳትንም። ምሰሶሽ ባዶ መሆኑን ግን አላነበብኩላቸውም።

የመስኮቱ ነገር በጣም ጣመኝ። የእኔ ከሁሉም የረዘመ ይሆናል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ካርታው ላይ የሦስታችን ስም አለ፤ የእኔ፣ የቆንጂትና የነፍስ ኄር አያሌው። የአያሌው ድርሻ ለአንቺ ተላልፏል። ቆንጂት «አንዲት ጡብ ትነቀልና አየዋለሁ» ብላለች፤ ጭቃ ቤት ላይ የቱን ጡብ እንደሆነ አላውቅም። አንቺ ውክልና ከሰጠሽኝ ግን ከሦስቱ ሁለቱ እኛ ሆንን። ፍርድ ቤት ይወስንልኛል፣ እሷም ድርሻዋን በገንዘብ ተቀብላ ወደ ፈለገችበት ትሄዳለች። ዘመድ ሞልቷል።

ውክልናውን በኤምባሲ በኩል ቶሎ ላኪው። ነገር ለማንሳት አይደለም፣ ግን እናናዬ እስክታርፍ ድረስ «ማዘንጊያ መጣች ወይ?» እያለች በር በሩን ታይ ነበር። እመጣለሁ ብለሽ ነበርና። አሁን በፊርማ ብቻ ልትክሻት ትችያለሽ።

ጣሰው


ኮሎምበስ
ኖቬምበር 22 ቀን 2020

ለተከበሩ ለጋሼ ጣሰው፤

መልሴ ስለ ዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ እናናዬ የጻፉትን አንብቤዋለሁ።

የመስኮቱን ነገር ላብራራልዎ። በእንግሊዝ መንግሥት በመስኮት ብዛት ግብር ያስከፍል ነበር። ሕዝቡም ግብሩን ሲሸሽ መስኮቱን በጡብ ደፈነው፤ በብርሃንና በአየር ላይ ግብር ተጣለብን እያለ ያማርር ነበር። ሌላም አለ። አንዳንዱ ቤት ገና ሲሠራ ጀምሮ የውሸት መስኮት አለው። ከውስጥ ደረጃ ወይም ጭስ ማውጫ ስላለ እውነተኛ መስኮት አይሆንለትም፤ ግን ከውጭ ሲታይ እኩል እንዲሆን ቅርጹን ሠርተው ይደፍኑታል። የሚከፈተውም መስኮት እንደኛ ወደ ውጭ አይደለም፤ ወደ ላይ ይንሸራተታል። በግድግዳው ውስጥ የተደበቀ ክብደት በገመድ ተንጠልጥሎ ይስበዋል። ሰውየው በአንድ ጣቱ ያነሳዋል፣ ማን እንደረዳው ግን አያይም።

ቆንጂት እናናዬን ለስንት ዓመት እንዳስታመመቻት ረስቼ እርስዎን ጠየቅሁ እንዳይሉኝ እንጂ፣ ስንት ዓመት ነበር?

ወረርሽኙ ስለ ባሰ ብዙ አልወጣም።

ማዘንጊያ


ጉለሌ
ጥር 23 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ማዘንጊያ፤

የዛሬው ዕለት ባለቤት አይለይሽ።

በመስኮት ላይ ግብር! እባክሽ ይህን ለማንም እንዳትነግሪ፤ ወረዳችን ከሰማ ነገ ሜትር ይዞ መጥቶ ይቆጥርብናል። መርጌታም ደብዳቤው ሲነበብ ተነስተው የማኅበሩን ቤት መስኮት ዘጉት።

የውሸቱ መስኮት ግን ድንቅ ነው። በቆንጂት በኩል ያለውን በሙሉ የውሸት አደርገዋለሁ። ለነገሩ እሷ ትሄዳለች፣ ግን ለጥንቃቄ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ነው ያስታመመቻት። ለምን ጠየቅሽ?

ውክልናውስ? በሁለት ደብዳቤ መስኮት ስትልኪልኝ አንድ ፊርማ አልላክሽም። ኤምባሲው በፖስታ ይቀበላል ብሎ ሁለተኛው ልጄ ቢሩክ ከኢንተርኔት አይቶ ነግሮኛል።

ጣሰው


ኮሎምበስ
ማርች 14 ቀን 2021

ለተከበሩ ለጋሼ ጣሰው፤

በጾሙ ብርታት ይስጥዎ። ደብዳቤዎ ሲደርስ ታምሜ ነበር፤ አሁን ድኛለሁ። እንዴት እንደ ዳንኩ ልንገርዎ፣ ከቤቱ ጉዳይ ጋር ስለሚገናኝ ነው።

ከጎኔ ሰናይት የምትባል የአገራችን ልጅ ትኖራለች፤ አዛውንት የምትንከባከብ፣ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት። ከእሷ ጋር አንድ ግድግዳ እንጋራለን፤ ግድግዳ ካሉት። መዝሙሯን ሰምቼ ሰምቼ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ለመርጌታ እንዳይነግሩብኝ። ስታመም ስስል ሰማችና ግድግዳውን መታች።

«እትዬ ማዘንጊያ! ኮቪድ ነው?»
«አላውቅም ልጄ!»
«ቴስት አድርገሻል?»
«የት ሄጄ?»
«በቃ ዝም በይ፣ አትናገሪ! መሳል ብቻ ነው ያለብሽ፣ እሰማሻለሁ!»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ደጄ ላይ ሾርባ እያስቀመጠች ሮጣ ትገባ ነበር። ሳሌ ሲቀንስ ደግሞ ሞታለች ብላ ለሩሃማ ኮል አደረገችላት። ሩሃማ በፍጥነት እየነዳች ስትመጣ የቅጣት ቲኬት ተሰጣት፤ እኔ ተሽሎኝ ተኝቼ ነበር።

ተኝቼ ስለ ግድግዳው አነበብኩ። ለንደን በእሳት ከወደመች በኋላ ሕግ ወጣ። ጎረቤት ከጎረቤት የሚጋራው ግድግዳ ወፍራም ይሁን፣ ከጣራውም በላይ ይውጣ፣ የአንዱ እሳት ወደ ሌላው እንዳያልፍ ተባለ። ግን ግድግዳው የሁለቱም ነው፤ አንዱ ብቻውን ሊያፈርሰው አይችልም። ባዝ በሚባለው ከተማ ደግሞ ግንበኛው የፊቱን ገጽ ብቻ እንደ አንድ ቤተ መንግሥት አድርጎ ያቆማል፣ ከኋላው እያንዳንዱ ባለቤት እንደ ፈለገ ይሠራል። ከመንገድ ሲያዩት ሁሉም እኩል ነው። ከጓሮ ሲያዩት አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ጠማማ። ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ጋሼ፣ አንድ ገጽ ሦስት በር ቢሆንስ? ሰፊ ግቢ ነው።

ለቆንጂትም ጽፌላታለሁ።

ማዘንጊያ


ጉለሌ
ሐምሌ 5 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ማዘንጊያ፤

ደብዳቤሽ ደርሷል። በሽታሽን ሰምቼ አዝኛለሁ፤ በመዳንሽም ደስ ብሎኛል።

ለቆንጂት የጻፍሽውን እሷ ራሷ በመስኮቴ ሥር ቆማ ጮክ ብላ አንብባልኛለች። ሁለት ጊዜ። ጎረቤቱ «ድገሚው» ሲል ሦስተኛም አነበበችው።

እኔ ከሰው ጋር ግድግዳ አልጋራም። ውክልናውን የምትልኪ ከሆነ ላኪ፣ የማትልኪ ከሆነ ጠበቃ ይዣለሁ። መጽሐፍ ማንበብሽን ግን ቀንሺ፤ ለዓይንም ለቤተሰብም አይበጅም።

ጣሰው


ኮሎምበስ
ኦክቶበር 3 ቀን 2021

ለተከበሩ ለጋሼ ጣሰው፤

አዲሱ ዓመት የእርቅ ይሁንልዎ።

ውክልናውን ፈርሜ፣ በኤምባሲው አጸድቄ ልኬዋለሁ። በእኔ ስም ሆና የምትወስነው ቆንጂት ናት።

ሩሃማ ወረቀቱን ይዛ ፖስታ ቤት ስትወስደኝ «ማሚ፣ አር ዩ ሹር? እርግጠኛ ነሽ? አንክል ጣሰው ይናደዳል እኮ» አለችኝ። «ይናደዳል» አልኳት። ክሊንተንቪል ስንደርስ «ኦኬይ» አለች። እዚያ ሰፈር የቆዩ የጡብ ቤቶች አሉ፣ መኪናውን አስቁሜ አንዱን አየሁት። ምሰሶውን ላንኳኳ ወረድኩ። ባለቤቱ በመስኮት «ሜይ አይ ሄልፕ ዩ?» ብሎ ጮኸብኝ፤ ምን ፈለግሽ ማለቱ ነው። ሩሃማ የልብሴን ጫፍ ይዛ ወደ መኪናው መለሰችኝ። ግን አንኳኩቼ ነበር፤ ድፍን ነው።

እንግዲህ ከሦስቱ ሁለቱ እሷ ናት። ይህ ማለት ቢፈልጉ ተስማምተው ይሠራሉ ማለት ነው፣ ባይፈልጉ ደግሞ ጠበቃዎ ሲሳይ አገኘ ማለት ነው። ቆንጂት ግን ታስወጣኛለች ብለው አይፍሩ። ጠይቄያታለሁ። «ከወጣ ማን ላይ እጮኻለሁ?» ነው ያለችኝ።

ከአክብሮት ጋር
ማዘንጊያ


ጉለሌ
ሰኔ 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ማዘንጊያ፤

ለረጅም ጊዜ ያልጻፍኩልሽ ተቆጥቼ ነው። ብዙ ጽፌ ብዙ ቀድጃለሁ። የተቀደዱት ከዚህኛው የተሻሉ ነበሩ።

ውክልናሽ በደረሰ ሳምንት ሽማግሌ ተቀመጠ። ሰብሳቢው መርጌታ ስለሆኑ ለእኔ ያደላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ለቆንጂት የጻፍሻቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ ከኪሳቸው አወጡ፤ ለካ ቆንጂት አስገልብጣ ሰጥታቸዋለች። ተነስተው «ገጹ አንድ፣ በሩ ሦስት» ብለው በየኔታ ድምፅ አወጁ። ማኅበሩ አጨበጨበ። ለትራሱም አጨብጭቦ ነበርና ልቤ ብዙ አልተሰበረም።

ሲሚንቶ እንደ ታቦት በዓመት አንዴ ነው የሚወጣው። ሆኖም ተሠራ። ገጹ በእውነት አንድ ነው፤ የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ ያያል። ከበሮቹ በላይ ያንቺ መጽሐፍ እንደሚለው የግማሽ ጨረቃ መስታወት አስገብተናል። በእኔው ላይ ሰማዕቱን ከነፈረሱ አስቀባሁ። ቀቢው ቦታ ጠበበኝ ብሎ ዘንዶውን ትቶታል፤ አሁን ሰማዕቱ የሚወጋው የደጁን ደወል ነው። መስኮቴን ከቆንጂት አንድ ክንድ አስረዝሜ ነበር። በማግስቱ ግንበኛውን ጠርታ የእሷን ሁለት ክንድ አስረዘመችው። እኔ ደግሞ ሦስት ልል ስል ግንበኛው «ጋሼ፣ ከዚህ ካለፍን ጣራው የለም» አለኝ። እኔም በሁለት ቆምኩ፤ እኩል ሆንን።

ጓሮውን አትጠይቂኝ። እሷ የዶሮ ቤት ሠርታለች፣ እኔ ደግሞ ዶሮ የማይታይበት አጥር።

ችግሩ የመሃሉ ነው። የመሃሉ ያንቺ ነው። ግራ ያለሁት እኔ፣ ቀኝ ያለችው እሷ፣ ሰው የሌለበት መሃሉ ብቻ ነው። ጆሮዬን ብለጥፍ ምንም አይሰማም። እሷ ብትሞት አላውቅም፣ እኔ ብሞት አታውቅም። የሁለታችን ክፍል ደግሞ በመሃሉ በኩል ይበርዳል። ሽንኩርት ላስቀምጥበት አለች፣ ሲሚንቶ ላስቀምጥበት አልኩ፣ በዚህ ተጣላን። አሁን ባዶ ነው። እኔ ለምኜ አላውቅም፣ አሁንም አልለምንም። ቤቱ ይበርዳል ነው ያልኩት።

ጣሰው

በዚህኛው ጠርዝ የምጽፈው እኔ ቆንጂት ነኝ። እንዳነበው ሰጥቶኝ ራሱ ተነስቶ ወጣ፣ ስለዚህ ብዕሩ ከእኔ ዘንድ ነው። ማዝዬ፣ እናናዬ «ማዘንጊያ መጣች ወይ» እያለች ሞተች ያለሽን ሰምቻለሁ። እሱ እዚያ አልነበረም። ናዝሬት ሠርግ ላይ ነበር፤ ጥሬ ሥጋ ይበላ ነበር። እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻ ስም ስትጠራ የነበረው የድመቷን ነው። ድመቷን ደግሞ ያሳደድኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋት ካለ ተራሽን ጠብቂ። የመሃሉን ቁልፍ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ለእሱ አልሰጥም። ለመስኮቱ መጋረጃ ላሰፋ ነው፣ ምን ዓይነት ቀለም ትወጃለሽ?


ኮሎምበስ
ኦገስት 7 ቀን 2022

ለተከበሩ ለጋሼ ጣሰውና ለእህቴ ለቆንጂት፤

ሁለታችሁንም በአንድ ፖስታ ሰላም ለማለት ያበቃኝ ፈጣሪ ይመስገን። ማን ቀድሞ ይክፈተው የሚለውን እናንተው ተነጋገሩበት፤ እኔ በመሃል አልገባም።

ደብዳቤውን ያነበብኩት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ነው። ሰናይት በግድግዳው በኩል «እትዬ፣ እያለቀስሽ ነው ወይስ እየሳቅሽ?» አለችኝ። «ድመቷን ነው» አልኳት። «የማንን ድመት?» አለች። ላስረዳት ብሞክር አልቻልኩም። ዞራ መጥታ ደጄ ላይ ተቀመጠች፣ ምንም ሳትገባት አብራኝ ሳቀች፣ መጨረሻ ላይ ሁለታችንም በአንድ ፎጣ ፊታችንን ጠረግን።

ሩሃማ ሥራዋን አጠናቅቃ ስትመጣ አንድ ነገር እንድትፈልግልኝ በኮምፒውተሯ አስቀምጫት ነበር። «ራውንድ ትሪፕ ነው ዋን ዌይ?» አለችኝ፤ ትኬቱ ደርሶ መልስ ነው ወይስ መሄጃ ብቻ ማለቷ ነው። ትንሽ አሰብኩ። ገና እያሰብኩ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለኝ።

የመጀመሪያው፣ በመሃሉ ቤት ታች በኩል መኝታ የሚሆን ክፍል አለ ወይ? የመጽሐፎቹ ሰዎች ወጥ ቤቱን ታች አድርገው መኝታውን ሰማይ ላይ የሚያወጡት ጉልበት ስለነበራቸው ነው።

ሁለተኛው፣ አውራ ዶሮው በስንት ሰዓት ነው የሚጮኸው?

ቆንጂትዬ፣ ጨርቅ እንዳትገዢ። የመስኮቱንም ልክ አትላኩልኝ። እኔው እለካዋለሁ።

ማዘንጊያችሁ